አንድ ሸራ

ሬዲዮኑ ጠዋት «ደረቅ ነው» ብሎኛል፤
እውቀት ኖሮኝ ሳይሆን ቸግሮኝ አምኛል።
«አልፎ አልፎ ደመና» ሲል ድምፁን ቀንሶ
ማጥፊያውን ተጫንኩት፣ እጄ ቶሎ ደርሶ።

ጥቅምት ሃያ ሦስት ነው። የአከራያችን ቃል
እስከ ኅዳር ሲታጠን ብቻ ይጠብቃል።
ከዚያ ወዲያ እኛ ነን፤ ሁለት ፍራሽ፣ አንድ ድስት፣
የአልጣሽ ስፌት መኪና፣ ልጆቻችን ሦስት፤
እና ይሄ ቤት ነው፣ ከቱሉ ዲምቱ ጀርባ፣
ቆርቆሮ የለበሰ፣ ግድግዳው ያልረባ።

ጭቃውን ያቦካነው ከቀዩ ኮረብታ
አፈር አምጥተን ነው፣ በአህያ፣ በማታ፤
ጭዱን ኦቦ ዲንቃ ካምናው የጤፍ ክምር
በጆንያ ሰጠን፣ ሳይሰፍር ሳይቆጥር።
አሥራ አምስት ቀን ረግጠን፣ ቦክቶ እስኪሸት ድረስ፣
ዳንጎሌ መረገው ወገቡ እስኪበጠስ።
«አምስት ፀሐይ» አለኝ መዳፉን ዘርግቶ፣
«አምስት ፀሐይ ብቻ። ከዚያ ይቆማል በርትቶ።»

አንደኛዋ ፀሐይ እስከ አራት ሰዓት በራች፣
ከዚያ የረር ጫፍ ላይ ዳመና ደርባ ቀረች።
ሁለተኛው ካፊያ፤ ሦስተኛው ቀን ጉም፤
ብልጭ ትላለች እንጂ፣ ፀሐይ አታደርቅም።
አልጣሽ ልብስ አስጥታ፣ ሰብስባ፣ አስጥታ፣
ገመዱን ረገመች እንደ ሰው ተቆጥታ።

ጥቅምት ማለት እኮ ውርጭ ነበር በፊት፤
ከንፈር ይሰነጥቃል፣ ኮከብ ይሞላል ሌሊት።
ሰው ሁሉ ሲረግመው የኖረውን ብርድ
ዘንድሮ በስሙ ጠራሁት፣ እንዲመጣ፣ እንዲወርድ።

ከአጥሬ ማዶ ያለው የኦቦ ዲንቃ ነው፤ ቀሪው፣
ኮንዶሚኒየም ያልበላው፣ አስፋልት ያልሰወረው።
ቡኝኝ ጤፍ ነው። ቅዳሜ አጨደው። እርጥብ
ነዶው ተጋድሟል፣ መንገድ እንደ ደከመው ሕዝብ።
እሱም የረርን ያያል፣ እኔም የረርን አያለሁ፤
«ቆቡን ደፋ» ይላል። «አዎ ደፋ» እላለሁ።
ጨዋታችን ይኸው ነው።

አንድ ሸራ ነው ያለን፤ ስድስት ሜትር ባራት፣
ከሚናለሽ ተራ፣ በዕቁብ ብር የገዛናት፤
ለምሥራቁ ግድግዳ፣ ዝናብ ለሚገርፈው፣
በገመድ ወጥሬ ለሰቀልኳት ለሰው
እንኳ የማላውሳት።

አራተኛው ሌሊት ዘብ ሆኜ እዚያው ነበርኩ፤
ስድስት ሰዓት ላይ ነጎድጓድ ሰምቼ ባነንኩ።
ነጎድጓድ! በጥቅምት! ባትሪ ይዤ ወጣሁ፤
ከአጥሩ ማዶ ጥላ ሲንቀሳቀስ አየሁ።
ኦቦ ዲንቃ ቆሟል ማሳው መሃል፣ ብቻውን፣
ነዶውን ሲያለብስ የለበሰውን ጋቢውን።

ጋቢ ጤፍ አያድንም። እሱም ያውቃል ይሄን።
ግን ምን ያድርግ ሰው፣ እጁ ባዶ ሲሆን?

ግድግዳዬን አየሁት። ሸራውን አየሁት።
ብዙም አላሰብኩም፣ ጀመርኩና ተውኩት።
(ዋሸሁ። አስቤያለሁ። ሦስት ልጅ፣ ድስት፣ ፍራሽ፣
«አታድርገው» የሚል ድምፅ፣ የራሴ፣ ወይ የአልጣሽ።)

ከዚያ ገመዱን ፈታሁ።

ሁለት ሆነን ጎተትን፣ ነዶውን ሰበሰብን፣
ጫፍ ጫፉን ድንጋይ ጫንን፣ በጉልበታችን ተሳብን።
ስናበቃ ኦቦ ዲንቃ አልተናገረም፤
ጋቢውን ጨመቀው፣ ጨመቀው፣ ውሃው አላለቀም።

ጠዋት ምሥራቁ ግድግዳ ተንዶ ተኝቷል፣
ጭቃው ከነጭዱ መሠረቱ ሥር ተከምሯል።
የማገሩ አጥንት ታየ፣ ባሕር ዛፉ ወጣ፤
ዳንጎሌ መጥቶ አየው። አልሳቀም፣ አልተቆጣ።
«ይቦካል» አለ ብቻ፣ «ጭቃ መቼ ይሞታል?
ጭድ ነው የሚያንሰው፤ ጭድ ከየት ይመጣል?»

ሁለታችንም ዞረን በአጥሩ ማዶ አየን።

ሰማያዊው ሸራ ሆዱን ነፍቶ ይተነፍሳል፤
ከሥሩ ቡኝኙ ገና አልተወቃም፣ ግን ደርሷል፤
ነፋሱ ከሰሜን ነው፣ ቀዝቃዛ፣ ደረቅ መሳይ።
የረር ራሱን ገልጧል። ኦቦ ዲንቃ ወደ ላይ
መዳፉን ዘርግቶ ይመዝናል፣ አንድ ነገር
ይወድቅበት እንደሆን።

ሬዲዮኑን አልከፈትኩም።
አልጣሽ መንገድ ላይ ናት፣ ስትደርስ የምነግራትን
ገና አላገኘሁም።

ጥላዬን ግን አየሁት፣ ከእግሬ ሥር፣ ቀጭን፣ ጥቁር።
አውራ ጣቴን አጠፍኩ።
አንድ።